አሜን ያልኩበት እሑድ

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ውስጥ አንድ እሑድ ደረቴን እያቃጠለኝ ሰበክኩ። ሕመሙ የጀመረኝ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ነው። ከእምብርት በላይ የሚያም ነገር ሁሉ ጨጓራ ነው ሲባል እየሰማሁ ስላደግኩ፣ እኔም ጨጓራ ነው አልኩና ቀዝቃዛ ወተት ጠጥቼ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። መልእክቱን ጨርሼ ስቀመጥ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል፤ ግራ ክንዴ ደንዝዟል። ባለቤቴ ከመቀመጫዋ ተነሥታ መጣችና «ፊትህ አመድ መስሏል፤ ተነሥ እንሂድ» አለችኝ። «ቡራኬውን ልስጥና» አልኳት። «ቡራኬውን ሌላ ሰው ይሰጣል» አለች። ሐኪም ቤት ስንደርስ 7 ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም።

ጨጓራ አልነበረም። ወደ ልቤ የፊት ክፍል ደም የሚወስደው ቧንቧ ተዘግቶ ነበር። በእጄ በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብተው ከፈቱት፤ ተመልሶ እንዳይዘጋም ስቴንት የሚባለውን ትንሽ የሽቦ መረብ አስቀመጡበት። እግዚአብሔር ይመስገን፤ ሐኪሞቹም ይባረኩ። ነገር ግን በእነዚያ ስድስት ሰዓታት ውስጥ የሞተው ጡንቻ አልተመለሰም። የልብ ጡንቻ እንደ ቆዳ ራሱን አይተካም፤ በሞተው ቦታ ጠባሳ ይቀራል። (ይህን የምታነቡ ወገኖቼ፣ ደረታችሁን የሚጫን ወይም የሚያቃጥል ሕመም ከላብ ወይም ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣ፣ ወይም ወደ ክንድና ወደ መንጋጋ ከሄደ፣ ወተቱን ተዉትና ወደ ሐኪም ቤት ሂዱ። ስብከቱም ይቆይ።)

ስለ ሃርት አታኩ ብዙ ሰዎች ጠይቃችሁኛል፤ በአካልም በስልክም ነግሬአችኋለሁ። ዛሬ መጻፍ የፈለግኩት ከእርሱ በኋላ ስለ መጣው ነገር ነው። እሱን ለማንም በደንብ አልተናገርኩም።

ከሆስፒታል በወጣሁ በሦስተኛው ሳምንት፣ ሌሊት በግራ ጎኔ ተኝቼ፣ ጆሮዬ ትራሱ ላይ እንዳለ የልቤን ምት ሰማሁት። ድው፣ ድው፣ ድው፤ ከዚያ ጸጥ። ቀጥሎ አንድ ኃይለኛ ድው፣ ከውስጥ ሰው የሚገፋኝ ዓይነት። ከዚያ ተስተካከለ። ደግሞ ዘለለ። ተነሥቼ ተቀመጥኩና የእጄን አንጓ ይዤ መቁጠር ጀመርኩ። አንዳንዴ አሥር ምት ቆጥሬ አንድ ይዘላል፤ አንዳንዴ በየሦስቱ ይዘላል። ባለቤቴ ስትነቃ አልጋው ጫፍ ላይ እጄን በእጄ ይዤ አገኘችኝ። «እየጸለይክ ነው?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። አልነበረም። እየቆጠርኩ ነበር።

ከዚያ ሌሊት ወዲያ እንቅልፍ ጠፋ። ከ26 ዓመት አገልግሎት በኋላ፣ በስንት ታማሚ አልጋ አጠገብ ቆሜ «አትፍሩ» ካልኩ በኋላ፣ አንድ የዘለለ ምት እንደ ሕፃን ያስፈራኝ ጀመር። እንደማልሞት አውቃለሁ የሚል እምነት አልነበረኝም፤ ብሞት ወዴት እንደምሄድ ግን አውቅ ነበር። ፍርሃቱ ግን ይህን እውቀቴን አልጠየቀም። ሥጋ የራሱ ፍርሃት አለው። እምነት ያለው ሰው አይፈራም የሚለውን ስብከት ሦስት አራት ጊዜ ሳልሰብከው አልቀርም፤ ካሴቱ ያላችሁ አጥፉልኝ።

ሐኪሜ ከልጄ ብዙም የማይበልጥ ወጣት የልብ ስፔሻሊስት ነው። ሆልተር የምትባል ትንሽ መሣሪያ ደረቴ ላይ ለጠፈልኝና ለ24 ሰዓት የልቤን ምት ስትመዘግብ ዋለች፤ አደረችም። ውጤቱ ሲመጣ በአንድ ቀን ውስጥ 2,900 ያህል ትርፍ ምት ተቆጥሮ ነበር። የዘለለ የሚመስለኝ ምት ለካ የዘለለ አይደለም፤ ከጊዜው ቀድሞ የመጣ ደካማ ምት ነው። ከእርሱ በኋላ ልብ ትንሽ ታርፋለች፤ ያን ጊዜ ብዙ ደም ይሞላባታል፤ ቀጣዩ ምት እንደ መዶሻ የሚሰማው ለዚያ ነው።

ሐኪሙ የማዘዣ ወረቀቱን ገልብጦ ሣለልኝ። ልብ የምትመታው በኤሌክትሪክ ነው። ከላይ በቀኝ በኩል ካለ አንድ ትንሽ ቦታ ይነሣና በጡንቻው ሁሉ ይዳረሳል፤ እንደ ተነገረ ትእዛዝ ሁሉም እኩል ይሰማል። ጠባሳ ግን ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ስለዚህ ኤሌክትሪኩ ጠባሳውን ዞሮ ያልፋል፤ በጠባሳው ዳርና ዳር በግማሽ በሕይወት ባለው ጡንቻ ውስጥ ይዘገያል፤ አንዳንዴም ዞሮ ዞሮ ወደ ተነሣበት ይመለሳል። ትርፉ ምት ከዚያ ነው። ዙሩ አንድ ጊዜ ሆኖ ከቀረ ሰው «ልቤ ዘለለ» ይላል። ዙሩ ከቀጠለና ከፈጠነ ግን ልብ መምታቷን ትታ ትንቀጠቀጣለች፤ ያን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ በኤሌክትሪክ ንዝረት ካልተመለሰች ሰው ይሞታል። ሃርት አታክ ከያዛቸው ሰዎች ብዙዎቹ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚሞቱት በዚህ ነው። በመጀመሪያው ሁለት ቀን ውስጥ ደርሶበት በጊዜ የተረፈ ሰው ግን የወደፊት ዕድሜው ያን ያህል አይጨልምም፤ ዘግይቶ የሚመጣው ነው ይበልጥ የሚያሳስበው።

«እና ዶክተር፣ ይህን ትርፍ ምት የሚያጠፋ መድኃኒት የለም?» አልኩት።

«አለ፣ መጋቢ» አለኝ። «ግን አልሰጥዎትም።»

ከዚያ የነገረኝን ታሪክ ቤት ገብቼ ጥናቱን ፈልጌ አንብቤዋለሁ። እነሆ።

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የልብ ሐኪሞች አንድ ነገር አስተውለው ነበር። ከሃርት አታክ በኋላ ትርፍ ምት የሚበዛባቸው ሰዎች በድንገት የመሞት ዕድላቸው ከሌሎቹ ይበልጣል። እንግዲያው ትርፉን ምት ብናጠፋ ሞቱን እናጠፋለን አሉ። ማን እንዲህ አይልም? እኔም ሐኪሙን የጠየቅኩት ይህንኑ ነው። ትርፍ ምት የሚያጠፉ መድኃኒቶችም ነበሩ፤ ከእነርሱም ኤንካይናይድና ፍሌካይናይድ የሚባሉት ሥራቸውን እጅግ በደንብ የሚሠሩ ነበሩ። በብዙ ሺህ ለሚቆጠሩ ታማሚዎች ይታዘዙ ነበር። ታማሚው ከመድኃኒቱ በፊት ሲመዘገብ ወረቀቱ በትርፍ ምት የተሞላ ነው፤ ከመድኃኒቱ በኋላ ሲመዘገብ ወረቀቱ ንጹሕ ነው። ሐኪሙም ታማሚውም ደስ ይላቸዋል።

ከዚያ በአሜሪካ ካስት የተባለ ትልቅ ጥናት ተጀመረ። ወደ ጥናቱ የገቡት ሰዎች አስቀድመው መድኃኒቱን ሞክረው ትርፍ ምታቸው የጠፋላቸው ብቻ ነበሩ። ይህን ልብ በሉት፤ ሁሉም «ሠርቶልናል» የሚሉ ናቸው። በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። 755ቱ ከሁለቱ መድኃኒቶች አንዱን፣ 743ቱ መድኃኒት የሚመስል ግን ውስጡ ምንም የሌለው ክኒን እየወሰዱ ቆዩ። በአማካይ አሥር ወር ሲሞላ ሲቆጠር፣ ባዶውን ክኒን ከወሰዱት 26 ሰዎች ሞተዋል። መድኃኒቱን ከወሰዱት ደግሞ 63። በ1989 ጥናቱ በእነዚህ መድኃኒቶች ላይ ከጊዜው በፊት እንዲቆም ተደረገ።

ልባቸው ጸጥ ብሎ ነበር። ወረቀታቸው ንጹሕ ነበር። ጠባሳው ግን እዚያው ነበረ፤ ድምፁን ያጠፋው መድኃኒት ራሱም በተጎዳው ጡንቻ ውስጥ የኤሌክትሪኩን ጉዞ ይበልጥ እያዘገየ ለከፋው ምት በር ይከፍት ነበር። (ፍሌካይናይድ መጥፎ መድኃኒት ነው ማለቴ አይደለም፤ ልባቸው ጠባሳ ለሌለበት ሰዎች እስከ ዛሬ ይታዘዛል። ማንም ይህን አንብቦ ከሐኪሙ ሳይማከር ምንም ነገር እንዳያቆም። ወደዚህ እመለሳለሁ።)

«ታዲያ እኔን የሚያኖረኝ ምንድን ነው?» አልኩት።

ያዘዘልኝን ሜቶፕሮሎልን አሳየኝ። የዚህ ዓይነት መድኃኒት ትርፍ ምትን ያን ያህል አያጠፋም፤ ልብን ዝግ ያደርጋታል፣ ከድንጋጤ ይከልላታል። በ1982 የወጣ አንድ ጥናት ከሃርት አታክ የተረፉ 3,837 ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። የሜቶፕሮሎል ታላቅ ወንድም ልንለው የምንችለውን ፕሮፕራኖሎልን ከወሰዱት ከመቶ 7.2፣ ካልወሰዱት ከመቶ 9.8 ሞቱ። እንግዲህ ተመልከቱ። ድምፁን ያጠፋው መድኃኒት ገደለ፤ ድምፁን እምብዛም ያላጠፋው አተረፈ። ቀጥሎ ሐኪሙ ያለኝ፣ የወደፊቱን ዕድሜዬን ይበልጥ የሚናገረው የትርፍ ምቱ ቁጥር ሳይሆን የቀረው ጡንቻ የሚገፋው ደም መጠን ነው። በኢኮ ሲታይ የእኔ ልብ በአንድ ምት በውስጧ ካለው ደም ከመቶ 42 ያህሉን ትገፋ ነበር፤ ጤነኛ ልብ ከግማሽ በላይ ትገፋለች። ከመቶ 30 እና ከዚያ በታች ለሆኑት፣ በቆዳ ሥር ተቀብሮ ልብ ስትንቀጠቀጥ በራሱ ንዝረት የሚሰጥ መሣሪያ ዕድሜ እንደሚያስረዝም በ2002 በ1,232 ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት ታይቷል። ዋጋው ለአብዛኞቻችን የሚቀመስ አይደለም። እኔ ግን እዚያ አልደረስኩም።

«ስለዚህ መጋቢ፣ ትርፉ ምት ይኖራል። መድኃኒቶትን ይዋጡ፣ ይራመዱ፣ ጨው ይቀንሱ። ልብዎ ጸጥ ስላለች ዳነች ማለት አይደለም፤ ስለጮኸችም ሞተች ማለት አይደለም» አለኝ።

ወንድሜ ይህን ያለኝ እኔን ሊያጽናናኝ ነው። እኔ ግን ወንበሩ ላይ እንዳለሁ አንድ አባት ትዝ አሉኝ፤ ጉልበቴ ራደ።

እኚህ አባት በቤተ ክርስቲያናችን ጋሼ እያልን የምንጠራቸው፣ ጡረታ የወጡ፣ እሑድ ከሁሉ ቀድመው ገብተው ወንበር የሚደረድሩ ሰው ናቸው። ከእኔ አራት ዓመት ቀድመው ሃርት አታክ ይዟቸው ነበር። ከዚያ በኋላ የእርሳቸው ልብ የተበላሸችው በሌላ መንገድ ነው። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ይሉታል፤ የላይኞቹ የልብ ክፍሎች በሥርዓት መምታታቸውን ትተው ይርገበገባሉ። ሰውየው አይሞትም፤ ልቡ ግን ያለ ዜማ እንደሚመታ ከበሮ ትሆናለች። ዋናው አደጋ ሌላ ነው። በሚርገበገበው ክፍል ጥግ ደም ይቆማል፤ የቆመ ደም ይረጋል፤ የረጋው ደም አንድ ቀን ተነሥቶ ወደ አንጎል ይሄዳል። ስትሮክ ማለት ነው። ይህ ሕመም ያለበት ሰው ስትሮክ የመያዝ ዕድሉ ከሌላው አምስት እጥፍ ያህል ነው። ለዚህ ነው ዋርፋሪን የሚባል የደም ማቅጠኛ ያዘዙላቸው፤ በትክክል ሲወሰድ ከሦስት ስትሮክ ሁለቱን ያህል ያስቀራል። መድኃኒቱ ግን ቀላል አይደለም። አይኤንአር የሚባል የደም ምርመራ በየጊዜው ይፈልጋል፤ ቁጥሩ ከ2 እስከ 3 መሆን አለበት፤ ካነሰ ደም ይረጋል፣ ከበዛ ይፈስሳል። ጎመን እንኳ ይነካዋል። ጋሼ ምልልሱ ሰልችቷቸው ነበር።

አንድ ጊዜ የሦስት ቀን ጾም ጸሎት አወጅን። በመጨረሻው ሌሊት ስለ ሕሙማን ስንጸልይ እጄን ጫንኩባቸው። እሳቸውም «ልቤ ረጋች» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ረግታ ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ እሑድ በምስክርነት ሰዓት ወጡና የመድኃኒቱን ብልቃጥ ከኪሳቸው አውጥተው ወደ ላይ ያዙት። «ከዚያች ሌሊት ጀምሮ አንድም አልዋጥኩም፤ ልቤም አንድ ቀን አልመታችብኝም!» አሉ። ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ማይኩ በእኔ እጅ ነበር።

«አሜን! ጌታ ይመስገን!» አልኩ።

ይህን ስጽፍ ራሴን ለመከላከል የሚመጣልኝ ዐረፍተ ነገር አለ። መድኃኒቱን ተዉ አላልኳቸውም። እውነት ነው፤ አላልኩም። ነገር ግን ማይኩን ይዤ ቆሜ ነበር፤ ውስጤም «ሐኪምዎ ምን አሉ?» ብለህ ጠይቅ ይለኝ ነበር። አልጠየቅኩም። በእልልታው መካከል እንዲህ ብጠይቅ እምነት የጎደለው መጋቢ እንዳልባል ፈራሁ። ደግሞም፣ ይህ ከፍርሃቱ ይብሳል፣ ምስክርነቱ ደስ ብሎኝ ነበር። እጄን ጭኜ የጸለይኩት እኔ ነኝ።

በሁለተኛው ወር አንድ ጠዋት ጋሼ ቡና እየጠጡ ሳለ ሲኒው ከቀኝ እጃቸው ወደቀ። ባለቤታቸው «ምነው?» ሲሏቸው መልስ አልነበራቸውም፤ አፋቸው ወደ አንድ ጎን ሄዶ ነበር። ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው ደከመ። ንግግራቸው እስከ ዛሬ አልተመለሰም፤ «እሺ» ብቻ ነው ያላቸው። ስትደሰት እሺ፣ ስታዝን እሺ። መዝሙር ሲጀመር ግን ቃሉ ሁሉ ይወጣል፤ ዶክተሩ ንግግርና ዜማ በአንጎል ውስጥ መንገዳቸው አንድ ስላልሆነ ነው አለኝ። እሑድ እሑድ ሲዘምሩ የሚያያቸው እንግዳ ደህና ናቸው ይላል።

እና ያን ጊዜ እኔ ምን አልኩ? ሆስፒታል ሄጄ ጸለይኩላቸው። ለጉባኤውም የጠላት ጥቃት ነው አልኩ።

በሚቀጥለው ቀጠሮዬ ሐኪሙን ስለ እርሳቸው ጠየቅኩት። አፍርም ስለሚባል በ2002 ስለ ወጣ ጥናት ነገረኝ። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ያለባቸው 4,060 ሰዎች ነበሩ። ለግማሾቹ ምታቸው ወደ ትክክለኛው ሥርዓት እንዲመለስ ተደከመ፤ ለግማሾቹ ግን ምቱ እንደተዘበራረቀ ተትቶ ፍጥነቱ ብቻ እንዲቀንስ ተደረገ። ምቱን ማስተካከሉ ዕድሜ አልጨመረም። ስትሮክ ከያዛቸው ሰዎች ደግሞ፣ በሁለቱም በኩል፣ አብዛኞቹ ዋርፋሪኑን ካቆሙ በኋላ ወይም የደማቸው ቁጥር ከሚፈለገው በታች በነበረ ጊዜ ነው የያዛቸው። ይህ ሕመም ሄዶ ይመጣል፤ ሲመጣም ሰውየው ላይሰማው ይችላል። ልብ ረጋች ማለት ደሙ አይረጋም ማለት አልነበረም።

ወገኖቼ፣ በፈውስ አምናለሁ። ሐኪም ተስፋ የቆረጠበት ሰው ሲነሣ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ነገም እጄን እጭናለሁ። የምጽፈው ይህን ለመካድ አይደለም። ጥያቄው ሌላ ነው፤ ጸጥ ያለውን ሁሉ የዳነ ነው ብለን ማወጅ ከየት ተማርን?

ጌታ አሥሩን ለምጻሞች ሲያነጻ ሂዱና ራሳችሁን ለካህን አሳዩ ብሎ ነው የላካቸው (ሉቃ. 17)። በዘሌዋውያን 13 ካህኑ አንድ ጊዜ አይቶ አያበቃም፤ ሰባት ቀን ያቆየዋል፣ እንደገና ያየዋል። መድኃኔ ዓለም ራሱ የፈወሰውን ሰው ወደ ምርመራ ከላከ፣ እኔ ማይክ ይዤ ምን አስቸኮለኝ? ሕዝቅያስ አልቅሶ ጸለየ፤ አሥራ አምስት ዓመት ተጨመረልህ የሚል ቃልም ከእግዚአብሔር ዘንድ መጣለት። ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ አምጡ አለ፤ ቁስሉ ላይም አደረጉት (2ኛ ነገ. 20)። ተስፋው በተሰጠው ሰው ቁስል ላይ መድኃኒት ተደረገ፤ ማንም እምነት ጎደለው አላለውም። ኤርምያስም በዘመኑ የነበሩትን ካህናትና ነቢያት የወቀሰው ስብራቱ ሳይድን ሕዝቡን ደህና ናችሁ ስላሏቸው ነበር (ኤር. 6፥14)። ያ ወቀሳ ለአገልጋይ እንጂ ለሕዝቡ አልነበረም። በሥነ መለኮት ኮሌጅ ሳለሁ ስለ ዘሌዋውያን 13 እና 14 ወረቀት ጽፌ ጥሩ ማርክ አግኝቻለሁ። አንድ ወጣት ሐኪም በማዘዣ ወረቀት ጀርባ ላይ ሥሎ እስኪያሳየኝ ግን ምዕራፉ ስለ እኔ እንደሚናገር አላወቅኩም።

ጋሼ ቤት የሄድኩት በጥር ወር ነው። ባለቤታቸው ቡና አፈሉ። አቦሉን ዝም ብዬ ጠጣሁ፤ ቶናው ላይ ተናገርኩ። ያን እሑድ መጠየቅ የነበረብኝን ጥያቄ በፍርሃትና በደስታ እንዳልጠየቅኩ፣ ከዚያም በኋላ በጠላት እንዳሳበብኩ፣ አንድም ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ይቅርታም ጠየቅኳቸው። ጋሼ ዓይኔን አዩኝ። ግራ እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አኖሩና «እሺ» አሉ። የትኛው እሺ እንደነበር አላውቅም። አልጠየቅኩም፤ ልጠይቅም መብት ያለኝ አልመሰለኝም።

ባለቤታቸው ግን ሲኒውን እያጠቡ ጀርባቸውን እንደሰጡኝ «መጋቢ፣ እኛም እኮ እልል ብለናል» አሉ። ይህን ያሉኝ ሸክሜን ሊያቀሉልኝ ነው። አላቀለለልኝም። እሳቸው እልል ያሉት የባላቸው ሕመም የሄደ መስሏቸው ነው፤ እኔ ያልኩት አሜን ግን ሌላም ነገር ነበረበት።

ለሽማግሌዎች አንድ ሐሳብ አቀረብኩ። ማንም ከሕመም ተፈወስኩ ብሎ ሲመሰክር ሐኪም አይቶት እንደሆነ በቅድሚያ እንጠይቅ፤ መድኃኒት አቆምኩ የሚል ምስክርነት ሐኪሙ አቁም እስካላለ ድረስ በመድረክ አይነገር፤ በጾም ጸሎት ጊዜም የደም ግፊት፣ የስኳርና የልብ መድኃኒት የሚወስዱ ሁሉ ክኒናቸውን እንዳይተዉ፣ መጾማቸውንም ከሐኪማቸው ጋር እንዲነጋገሩበት በማስታወቂያ ይነገር። አንድ ሽማግሌ ተቃወመኝ። «የመንፈስ ቅዱስን ሥራ በወረቀት ልናስር ነው?» አለ። ወንድሜን አከብረዋለሁ፤ የሚሰጋው ነገርም አለ፤ ምስክርነት የሌለባት ቤተ ክርስቲያን እኔም አልፈልግም። የመለስኩለት፣ ጌታ የፈወሰውን ምርመራ አያፈርሰውም ብዬ ነው። ረጅም ስብሰባ ሆነ። ማስታወቂያው መነገር ጀምሯል፤ የምስክርነቱ ጉዳይ ገና እየተነጋገርንበት ነው።

እኔ ደህና ነኝ። በቅርቡ በተደገመው ኢኮ ከመቶ 42 የነበረው 47 ሆኗል፤ ሐኪሙ ደስ ብሎታል። በቀን አምስት ዓይነት ክኒን እውጣለሁ፤ ባለቤቴ ከመስኮቱ ሥር በሣጥን ደርድራልኛለች። ጠዋት ጠዋት እራመዳለሁ። ትርፉ ምት አልሄደም። ሌሊት ዝም ባለ ቤት ውስጥ አሁንም ይሰማኛል፤ ድው፣ ድው፣ ጸጥ፣ ከዚያ ያ ትልቁ። ከእንግዲህ አልቆጥርም ብል ውሸት ይሆናል፤ አንዳንድ ሌሊት እቆጥራለሁ። ሌላውን ጊዜ ግን ጸጥ አድርገው ብዬ መጸለይን ትቼ፣ እየዘለለም ቢሆን አንተ ነህ የያዝከው እላለሁና እተኛለሁ።

ጋሼ ዋርፋሪናቸውን ጀምረዋል። ባለቤታቸው ጎመኑን አልከለከሏቸውም፤ አንድ ቀን ሰሐን ሙሉ ሌላ ቀን ምንም እንዳይሆን፣ በልክ እያደረጉ ይሰጧቸዋል። ያለፈው የአይኤንአር ቁጥራቸው 2.4 ነበር። ቀጣዩ ቀጠሯቸው ማክሰኞ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ነው፤ የምወስዳቸው እኔ ነኝ። መንገድ ላይ መዝሙር እከፍትላቸዋለሁ፤ እሳቸው ይዘምራሉ።